ካህኑ የሚያውቀው፣ መንግሥት የማያውቀው ሞት

ላስታ ውስጥ ሰው ሲሞት ሳይታወቅ አይቀርም። ቅሬው ይጠራል፣ መቃብር ይቆፈራል፣ ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ፣ በአርባው ተዝካር ይወጣል። ሟቹ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የንስሐ አባቱ ማን እንደሆኑ፣ ስንት ቀን ታሞ እንደተኛ የአጥቢያው ሰው ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው አንድ አካል ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እርሱም መንግሥት ነው።

ይህን መነሻ ያደረግሁት ስለ ቀብር ለመጻፍ አይደለም። የዛሬው ጉዳዬ መድኃኒት ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች «ትራማዶል» የሚለው ስም ከሐኪሞች አፍ ወጥቶ በወጣቶች ጨዋታ ውስጥ መሰማት ጀምሯል። ትራማዶል ባለሙያዎች ኦፒዮይድ ከሚሏቸው፣ የሞርፊን ቤተሰብ ከሆኑት የሕመም ማስታገሻዎች አንዱ ነው። ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት፣ አጥንቱ ለተሰበረ፣ ካንሰር ለያዘው ሰው ይታዘዛል። ያለ ማዘዣ፣ ለመዝናናት ወይም ድካምን ለመርሳት ሲወሰድ ግን ሱስ ያስይዛል፤ መጠኑ ሲያልፍ ያንዘፈዝፋል፣ ትንፋሽም ሊያቆም ይችላል።

ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ ከፊቴ የነበረ ዕድሜው ከሃያ የማይበልጥ ልጅ ትራማዶል ጠየቀ። ፋርማሲስቷ «ማዘዣ አምጣ» አለችው፤ ልጁ ትከሻውን ነቅንቆ ወጣ። ወዲያው ወረፋው ላይ ክርክር ተነሣ። አንዱ ጎልማሳ «ትውልዱ አልቋል፣ ግማሹ በዚህ ተይዟል» አሉ። ሌላው ደግሞ «ይህ የአሜሪካ ችግር ነው፣ እኛ አገር የሉም እንዲህ ያሉ ነገሮች» ሲሉ መለሱ። ሁለቱም በሙሉ እርግጠኝነት ነበር የተናገሩት። የሁለቱም ማስረጃ ግን ያው ትከሻውን ነቅንቆ የወጣው ልጅ ነበር።

የእናቴ ወገኖች የላስታ ሰዎች ናቸውና ሐሳቤ ወደዚያ ሄደ። አዲስ አበባ ላይ እንኳ መልስ ያጣ ጥያቄ ላሊበላ ላይ ቢጠየቅ ምን ዓይነት መልስ ይገኛል?

አሜሪካኖች ችግራቸውን ያወቁት እንዴት እንደሆነ ማየቱ ይጠቅማል። ኦክሲኮንቲን የተባለው ክኒን ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። አምራቹ ፐርዱ ፋርማ መድኃኒቱ ሱስ የማስያዝ ዕድሉ ዝቅተኛ እንደሆነ እየሰበከ ሸጠው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ይህ አቀራረብ አሳሳች እንደነበር ድርጅቱና ኃላፊዎቹ ጥፋተኝነታቸውን አምነው ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማሙ። በመካከሉ ግን ነገሩን ያጋለጠው የዐቃቤ ሕግ ምርመራ ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ሟች የሞት ምስክር ወረቀት አለው፤ ወረቀቱ ላይ የሞት ምክንያት ይጻፋል፤ ምክንያቱ በዓለም አቀፍ የበሽታዎች መለያ ቁጥር ይመዘገባል። የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከል ማዕከሉ ሲ.ዲ.ሲ. እነዚህን ወረቀቶች ደምሮ መጀመሪያ በሐኪም የሚታዘዙ ክኒኖች፣ ከ2010 ወዲህ ሄሮይን፣ ከ2013 ወዲህ ደግሞ ፌንታኒል በተራ በተራ ሰው እየጨረሱ እንደሆነ ለየ። እ.ኤ.አ. በ2022 መድኃኒትና ዕፅ ከመጠን በላይ በመውሰድ የሞቱት ከ107 ሺሕ በላይ ነበሩ። በ2024 ቁጥሩ ወደ 80 ሺሕ ገደማ ወረደ። ወረደ ማለት የሚቻለው ታዲያ አስቀድሞ ተቆጥሮ ስለነበረ ነው።

እነርሱም ቢሆኑ ዘግይተዋል። ለብዙ ዓመታት በርካታ የሞት ምስክር ወረቀቶች «መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስዶ» ብለው ያቆሙ ነበር እንጂ የትኛው መድኃኒት እንደሆነ አይገልጹም። ያን ሁሉ ላቦራቶሪና የአስከሬን መርማሪ ይዘው።

ከእኛ የሚቀራረቡትን ብናይ ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ኮዴይን ያለባቸው የሳል ሽሮፖች እንዳይመረቱና ወደ አገር እንዳይገቡ አገደች። ከተባበሩት መንግሥታት ጋር ባካሄደችው አገር አቀፍ ጥናትም 4.7 በመቶ የሚሆነው ለአካለ መጠን የደረሰ ሕዝቧ ኦፒዮይድን ያለ ሕክምና ምክንያት መጠቀሙን አወቀች፤ ወደ 4.6 ሚሊዮን ሰው መሆኑ ነው። ሴራሊዮን ደግሞ «ኩሽ» የተባለው የሚጨስ ዕፅ ወጣቶቿን ሲጨርስባት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች። ኩሽ ምን እንደሆነ ብዙ ተወርቶ ነበር፤ የሰው አጥንት ተፈጭቶበታል እስከመባል ተደርሷል። ናሙናው ላቦራቶሪ ሲገባ ግን ኒታዚን የተባሉ እጅግ ኃይለኛ ሰው ሠራሽ ኦፒዮይዶች ተገኙበት። ወሬውና ውጤቱ አልተገናኙም።

አሁን ወደ ላስታ እንመለስ።

አንድ ወጣት ከላሊበላ ራቅ ባለ ቀበሌ ትራማዶል አብዝቶ ወሰደ እንበል። ሞቱ በሦስት መንገድ ሊሰወር ይችላል። የመጀመሪያው ማንዘፍዘፉ ነው። ትራማዶል ሲበዛ የሚጥል በሽታ የሚመስል ነገር ያመጣል። የሚጥል በሽታ ደግሞ በእኛ አገር በአመዛኙ የሚወሰደው ወደ ጸበል ነው። ጸበሉ ቦታ ላይ ያረፈ ሰው የመድኃኒት ሟች ሆኖ አይቆጠርም።

ሁለተኛው ጤና ጣቢያ ቢደርስ የሚሆነው ነው። ትንፋሹ የደከመ፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ ያህል የጠበበ ሕመምተኛ ያየ ነርስ ቀድሞ የሚጠረጥረው የተባይ ማጥፊያ መርዝን ነው፤ ቢጠረጥርም አይፈረድበትም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ዋናው የመመረዝ ምክንያት ማላታዮንን የመሰሉት የተባይ ማጥፊያዎች ናቸው፤ እነርሱም እንደ ኦፒዮይድ ሁሉ የዓይን ብሌን ያጠባሉ፣ ትንፋሽ ያደክማሉ። ልዩነቱ ልምድ ላለው ዓይን ይታያል፤ በተባይ ማጥፊያ የተመረዘ ሰው ምራቁ ይዝረበረባል፣ ላቡ ይወርዳል፣ ያስመልሰዋል፤ ኦፒዮይድ የወሰደው ግን ደረቅ ነው፣ ዝም ብሎ ያንቀላፋል። በጊዜ ከተለየ ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ይመልሳል። ካልተለየ መዝገቡ ላይ «መመረዝ» ተብሎ ያልፋል። አስከሬኑ ይመርመር ቢባልስ? ለረጅም ዘመን የአገሪቱ የአስከሬን ምርመራ ማዕከል ሆኖ የቆየው አዲስ አበባ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ አስከሬን ጭኖ የሚሄድ የላስታ ገበሬ ማን ነው?

ሦስተኛው መንገድ በሐኪሞች ዘንድ ብዙም አይወራም፤ እኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው ይመስለኛል። በሥርዓቱ መሠረት ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም። ቤተሰብ ልጁ ክኒን አብዝቶ ወስዶ መሞቱን ቢያውቅ እንኳ፣ ሆን ብሎ ይሁን ሳያስበው ማስረዳት ስለማይችል «በድንገት ነው» ማለትን ይመርጣል። እናት ልጇ ያለ ጸሎት እንዳይቀበር ብላ የምትናገረውን ውሸት ማን ይኮንናል? እኔ አልኮንንም። ስታቲስቲክሱ ግን ከዚያች ቃል ላይ ይቆማል።

በሕግ ትምህርት ቤት ሳለን የፍትሐ ብሔር ሕጉን ስንማር ብዙ ገጽ የያዘ አንድ ክፍል ዘለን አልፈን ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ በዝርዝር ይደነግጋል። ነገር ግን ከመጨረሻዎቹ አንቀጾች መካከል ቁጥር 3361 እነዚህ ድንጋጌዎች ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስከሚወሰን ቀን ድረስ አይጸኑም ይላል። ያ ቀን ንጉሡ ወርደው፣ ደርግ መጥቶ ሄዶ፣ ሕገ መንግሥት ጸድቆም አልመጣም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ከሃምሳ ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ልደታቸው የተመዘገበላቸው ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የልደት ወረቀት ይጠየቃልና ልደት ቀስ በቀስም ቢሆን መመዝገቡ አይቀርም። ሞትን ለማስመዝገብ ወረዳ የሚሄደው ግን ውርስ ወይም ጡረታ ያለው ነው። ክኒን ወስዶ የሞተ ሥራ አጥ ወጣት የሚወረስ ነገር የለውም።

ሞቱ ቢቆጠር እንኳ ለስንት ሰው እንደሚካፈል ማወቅ ሌላ ጣጣ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው በተደጋጋሚ ሲራዘም ኖሯል። በ1999 የላሊበላ ከተማ ሕዝብ 17,367 ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ሆቴል ተሠርቶ፣ ስንቱ ገጠሬ ገብቶ፣ ስንቱ በጦርነት ተፈናቅሎ እንደወጣ ልብ ይሏል።

ላስታን ለምን ለይቼ እንዳነሣሁ አንባቢ መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ዓይነቱ ችግር የሚያመቸው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ የደረሰበት አካባቢ ስለሆነ ነው። ላሊበላ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ እጅ ስትለዋወጥ ቆየች፤ በሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ሰው ቆሰለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ከተማዋ ዳግም የውጊያ ቦታ ሆነች፤ ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን የሚሄደው ሪፖርትም አብሮ ተጎዳ። ጎብኚ ቀረ፤ በአስጎብኚነት፣ በአስተናጋጅነት፣ በጫማ ጠባቂነት ይኖር የነበረው ወጣት ባዶ እጁን ቀረ። የቆሰለ ሰው አለ፣ ሥራ የሌለው ወጣት አለ፣ የመድኃኒት ቁጥጥር ላልቷል። በሌላ አገር እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ የሆነውን እናውቃለን።

የቆሰለ ሰው አለ ያልኩትን ግን ከሌላም ወገን ማየት ግድ ይላል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ስጋትም ይኸው ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረገው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ በዓመት ከሚሠራጨው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል ማስታገሻ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው ብሏል። እኛ ከእነዚያ አገሮች ነን። አሜሪካ በክኒን ብዛት ሰው ሞተባት፤ እኛ ዘንድ ሰው በካንሰር ሲሞት እያቃሰተ ነው የሚሞተው። ሞርፊን በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ነገር አይደለም። ለገጠሩ በሽተኛ ብዙ ጊዜ የተሻለ ሆኖ የሚገኘው ማስታገሻ ያው ትራማዶል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም ይህን ተረድቶታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ባደረገው ስብሰባ ትራማዶል በዓለም አቀፍ የናርኮቲክ ቁጥጥር ሥር ይግባ የሚለውን መርምሮ አይግባ አለ፤ ክትትሉ ግን ይቀጥል። ምክንያቱም ሞርፊን በሌለባቸው ድሃ አገሮችና ግጭት ባለባቸው ቦታዎች ያለው አማራጭ እርሱ በመሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ሕንድ በበኩሏ ትራማዶልን በናርኮቲክ ሕጓ ሥር አስገባች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሕንድ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ታፔንታዶል ከተባለ ሌላ ኦፒዮይድና ከጡንቻ ማፍታቻ የተቀየጠ ክኒን በገፍ ሲላክ ተገኘ። ቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ2025 ካጋለጠው በኋላ ሕንድ ያንንም አገደች። በሩ ሲዘጋ ነጋዴው በመስኮት ገባ፤ ማስታገሻ ያጣው በሽተኛ ግን መስኮት የለውም።

እኛ አገር ነገሩ አንድ ቀን በቴሌቪዥን ዘገባ ይግላል፤ ያኔ የሚመጣው መልስ ምን እንደሚሆን ከወዲሁ መገመት ይቻላል። ፖሊስ መድኃኒት ቤቶችን ይፈትሻል፣ ጥቂት ፋርማሲስቶች ይታሰራሉ፣ ማዘዣው ይጠብቃል። ሕጉም ዝግጁ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ ዕፆችን የሚያመርተውንና የሚያዘዋውረውን ብቻ ሳይሆን የሚጠቀመውንም ይቀጣል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ለባለሥልጣኑ በቂ ጡንቻ ሰጥቶታል። ቁጥጥር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ሰው ይጠየቅ። ነገር ግን ስንት ሰው ከክኒኑ የተነሣ እንደሞተና ስንት ሰው ክኒኑን አጥቶ እየተሰቃየ እንደሞተ ሳይታወቅ የሚወጣ ክልከላ የትኛውን ወገን እንደሚመታ አውጪውም አያውቀውም።

መቁጠር አይቻልም የሚሉ አሉ፤ አገሩ ድሃ ነው፣ ጦርነት አለ፣ ሐኪም የለም። መቆጠር የቻለ ሞት ግን አለን። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ በወሊድ ምክንያት የሞተች እናት ቤቷም ትሙት ሆስፒታል፣ ሞቷ እንዲመዘገብና እንዲመረመር የሚያደርግ ሥርዓት ተዘርግቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትሰማለች፣ ጤና ጣቢያው ቤተሰቡን ይጠይቃል፣ ሪፖርቱ በኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቅኝት በኩል እስከ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል። ሁሉም ሞት ይደርሳል ማለት አይደለም፤ መንገዱ ግን ተጠርጓል። የቅኝቱ ዝርዝር በአመዛኙ ስለ ተላላፊ በሽታዎች፣ ስለ ምግብ እጥረት፣ ስለ እናቶችና ሕፃናት ሞት ነው። ክኒን ወስዶ ትንፋሹ የቆመ ልጅ በዚያ ዝርዝር የራሱ መስመር የለውም። አንድ መስመር መጨመር ደግሞ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አይጠይቅም። የአማራ ክልል የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ደሴ ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ ደሴ ለላስታ ከአዲስ አበባ ይቀርባል።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ አለ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ የቀብር ሥፍራዎች፣ በቤተ ክርስቲያንም በሙስሊም መቃብርም፣ የሚቀበረውን ሰው ሁሉ መመዝገብ ያዙ። የተወሰኑትን ሟቾች ቤተሰብ እየጠየቁ የሞቱን ምክንያት ለዩ፤ ባለሙያዎቹ ይህን ቨርባል አውቶፕሲ ይሉታል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር የጎልማሶች ሞት እንዴት እንደወረደ ያሳየው ሆስፒታል ሳይሆን ይህ የመቃብር መዝገብ ነው። ላሊበላ መቃብርም ካህንም ቅሬም አላት። የጎደለው ደብተሩና ጠያቂው ነው።

እዚህ ላይ የሕግ ሰው ስለሆንኩ አንድ ነገር አጥብቄ ልበል። ፖሊስ ሊከፍተው የሚችል መዝገብ ባዶ መዝገብ ነው። የእናቶች ሞት ምርመራ የሠራው ማንንም ላለመክሰስ ቃል ገብቶ ስለተነሣ ነው። እዚህም ያው ይደረግ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጣውን ይቀጣል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ያደርግለታል። አንቀጽ 525 ግን እዚያው አለ። ክኒን አብዝቶ የወሰደ ጓደኛውን ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የመጣ ልጅ ሁለቱም እንዳይታሰሩ የሚል ዋስትና በግልጽ ካልተጻፈለት፣ ጓደኛውን በር ላይ ጥሎ ይሮጣል። ስለዚህ ለቅኝት የተሰጠ መረጃ በተጠቃሚው ላይ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ በአዋጅ ወይም ቢያንስ በደንብ ይደንገግ። ለጤና ሚኒስቴርም ለፍትሕ ሚኒስቴርም የምለው ይህንኑ ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ዘገባ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ከትንሣኤ በኋላ የእናቴን አጥቢያ አስተዳዳሪ በስልክ አግኝቼ በዓመቱ ስንት ሰው እንደቀበሩ ጠየቅኋቸው። መዝገብ አላነሡም፤ ጥቂት አሰብ አደረጉና በክርስትና ስማቸው እየጠሩ ቆጠሩልኝ። አንዲት በወሊድ፣ ሁለት በጥይት፣ አዛውንቶቹ በዕድሜ። ሁለቱን ወጣቶች «በድንገት» ብለው አለፉ። እኔም አልገፋኋቸውም። ከእኔ በፊት ይህን የጠየቃቸው ሰው እንዳለ ብጠይቃቸው፣ ማንም እንደሌለ ነገሩኝ።